ድምፁን ሳይሆን ጉብታውን

እስቲ «መርካቶ» ብላችሁ በኮምፒውተር ጻፉ። ፊደሎቹ አራት ናቸው። በእንግሊዝኛ ኪቦርድ በድምፅ ለምንጽፍ ግን ጣታችን ሰባት ጊዜ ይወርዳል፤ ከ«ር» በቀር ሁሉም ሁለት ሁለት ምት ይፈልጋሉ። ከኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪና ጀምሮ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ራስ ምታት ነው። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያና ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ማታ ጣቱ ቢዝል አይገርምም።

የቢሮው ኪቦርድ ደግሞ ያደክማል። አብዛኛው ከቁልፎቹ ሥር ያለው ስስ ጎማ ነው፤ ሲያረጅ ይልፈሰፈሳል። ፊደሉ መግባቱን ጣት ስለማያውቅ እስከ ታች እንደበድበዋለን። በመካኒካል ኪቦርድ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ ባለ ሞላ የራሱ ስዊች አለው። በተለመደው ዓይነት ቁልፉ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ፊደሉ የሚመዘገበው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንዳንዱ ስዊች እዚያው አካባቢ ጉብታ አለው። ጣት ጉብታውን ካለፈ ሥራው አልቋል፣ መደብደብ አያስፈልግም።

መርካቶ ስትወርዱ ሻጩ እጁን ቁልፎቹ ላይ እያርመሰመሰ «ድምፁን ስሚው እህቴ!» ማለቱ አይቀርም። ድምፅና ጉብታ ግን ለየቅል ናቸው። የጀርመኑ ቼሪ በቀለም ለይቷቸዋል፤ ሌሎች አምራቾችም በአብዛኛው ተከትለውታል። ሬድ ጉብታ የለውም። ብራውን አለው፣ ግን በጣም ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ብሉ ጉብታም ጠቅታም አለው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ አስተኝታችሁ ማታ የምትሠሩ ከሆነ እሱን እርሱት። የእኔ ምርጫ ክሊር ነው፤ ጉብታው ከብራውን ጠንከር ይላል፣ ጠቅታ የለውም። ሞላው ግን ይከብዳል፣ ተሠርቶ ባለቀ ኪቦርድ ላይም እምብዛም አይገኝም።

በቀስተ ደመና መብራት አትታለሉ። አንድ ቁልፍ እንዲነቅልላችሁ ሻጩን ጠይቁ። ከሥሩ ለብቻው የቆመ፣ የመደመር ምልክት ያለበት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ካለ መካኒካል ነው። ጎማ ካያችሁ ካርቶኑ ምንም ቢል ጎማ ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንዱን ቁልፍ በጣም ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። የተሸካሚው «ዞር በሉ!» ጩኸት እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ ጠቅታውን ይውጠውና ጣታችሁ ብቻ ይፈርዳል።

ምናለሽ ተራ ጎራ ማለትም አይከፋም። ከቢሮ የወጣ አሮጌ የአይቢኤም ኪቦርድ ካጋጠማችሁ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል ኤም ከሆነ፣ ሳትጫኑት አትለፉ። ሞላው ሲታጠፍ የሚሰጠው ስሜት ዛሬም ወዳጅ አለው። ግን ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ጫጫታም ነው፤ ኬብሉ ክብ ጫፍ ካለው መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ጠንካራ ጉብታ ያለው ካጣችሁ ስዊቹ ሳይበየድ የሚነቀል ኪቦርድ ግዙና ስዊቹን ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ እዘዙ፤ ሻንጣ አይሞላም። ሙሉው ኪቦርድ 104፣ የጎኑ ቁጥር የሌለው 87 ስዊች ይወስዳል፤ ጥቂት ትርፍ ጨምሩ። አንዳንድ ርካሽ ኪቦርድ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ የኦተሙን ስዊች ብቻ ይቀበላል፣ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ባለ አምስት እግር ስዊች ባለ ሦስት ቀዳዳ ላይ እምቢ ካለ ሁለቱን የፕላስቲክ እግሮች በጥፍር መቁረጫ ቁረጧቸው።