ሳንሱር ያልቻለውን

ሰሞኑን ኢምፔሪያል ቡና ቤት ተቀምጠን በባዕድ ተከታታይ ፊልሞች ስንከራከር አመሸን። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ሲነሣ ግን ሁላችንም «ስሙን ሰምተናል» አልን፤ «አንብቤዋለሁ» ያለ አንድም አልተገኘም። ተማሪ ነን ማለት ይህ ነውን?

አፍረን አነበብነው። የጸጋዬና የፊያሜታ ፍቅር አሳዘነን፤ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፉከራ ከንቱነት ደግሞ አስደነገጠን። በዓሉ በዘመቻው ያየውን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ያን ጊዜ አንባቢ መጽሐፉን እየደበቀ ተቀባበለው። ዛሬ ማንም ሳይከለክለን አቧራ አለበስነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ሳንሱር ያልቻለውን እኛ በስንፍናችን አንፈጽምለት።