ከሐምሌ ይልቅ በኅዳር



ከገጠር የወጣን ሰዎች የአገር ቤቱን ችግር ይበልጥ የምንሰማው በክረምት ነው። ሐምሌ ሲገባ ስልኩ ይደወላል፤ ጎተራው ባዶ ነው፣ እህል ተወዷል፣ እሸት እስኪደርስ የምንቀምሰው የለም ይባላል። እናንተም ያላችሁን፣ ሲጠፋም ከጓደኛ ተበድራችሁ ትልካላችሁ። ይህ ደግነት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የምንልክበትን ወር ብናስብበት ያው ገንዘብ የበለጠ እህል ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአብዛኛው አገራችን ገበሬው ጤፉንና ስንዴውን አጭዶ የሚወቃው ከኅዳር እስከ ጥር፣ እዚህ በምንቆጥረው ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ነው። ዕዳውም የሚጠየቀው በዚያው ሰሞን ነው። የማዳበሪያ ብድር፣ የመሬት ግብር፣ በክረምት ከጎረቤት የተወሰደ እህል፣ የጥር ሠርግ ተደራርበው ይመጣሉ። በእጁ ያለው ብር ሳይሆን እህል ነውና ያንኑ ጭኖ ገበያ ይወጣል። ጎረቤቶቹም እንደ እርሱ ስለሚወጡ ገበያው በእህል ይጥለቀለቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሻጩ ጥቂት፣ ገዢው ብዙ ይሆንና ያው ገበሬ ራሱ ያመረተውን ዓይነት እህል በውድ ይገዛል። ዋጋው እንደየአገሩና እንደየዓመቱ ይለያያል። ለምሳሌ ያህል በኅዳር ሦስት ኩንታል ተሸጦ የተገኘው ገንዘብ በሐምሌ ሁለት ኩንታል ብቻ ከገዛ፣ ዝናብ ሳይጎድል፣ አንበጣም ሳይበላው አንድ ኩንታል ጠፋ ማለት ነው።

"ታዲያ ለምን አይታገሥም?" የሚል ይኖራል። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አበዳሪው ስለማይታገሠው ነው።

ጉዳቱም በአንድ ክረምት አያበቃም። እህል ያለቀበት ቤት መጀመሪያ በግና ፍየሉን ይሸጣል፤ ከዚያ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፤ በመጨረሻ በሬውን ገበያ ያወጣል። አንድ በሬ የቀረው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ምንም የሌለው ግን መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ከገዛ መሬቱ ምርት ግማሹን ለሌላ ያካፈለ ሰው የሚመጣውን ዓመት ካለፈው ባነሰ እህል ይጀምራል። በየሐምሌው የምትልኩት ገንዘብም ያንኑ ጉድለት ሲሞላ ይኖራል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በመስከረም ወይም በጥቅምት ደውላችሁ ዘንድሮ የሚጠየቀው ዕዳ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። አባታችሁን ብቻ ሳይሆን ጎተራውን የምታውቀውን እናታችሁንም ጠይቁ። ከምትልኩት ላይ የቻላችሁትን ያህል ለዕዳው መክፈያ በወቅቱ ላኩና፣ ይህን ያህል ኩንታል ሳይሸጥ እስከ ክረምት ይቆይ ብላችሁ ተስማሙ። በልግ በሚያርስ አገር ወሩ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው። ዮሴፍም በግብፅ አምስተኛውን እጅ ያስቀመጠው በጥጋቡ ዘመን እንጂ ረሀቡ ከገባ በኋላ አልነበረም።

የተቀመጠ እህልም ጥበቃ ይፈልጋል። ጤፍን ነቀዝ ስለማይደፍረው ለዓመታት ይቆያል፤ በቆሎና ማሽላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይበላሻሉ። ብዙ ሰው የነቀዝ ክኒን ይጨምርበታል፤ ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ግን ሰው ይገድላልና ሰው በሚያድርበት ቤት አይደረግ። ዛሬ ፒክስ የሚባል ሦስት ድርብ ከረጢት አለ። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ናቸው፣ ሦስተኛው የውጭ ማዳበሪያ ነው። በደንብ የደረቀ እህል ሞልተው፣ አየሩን አስወጥተው እያንዳንዱን ለየብቻ አጥብቀው ካሰሩት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ ክኒንም አያስፈልግም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ የምትልኩት ዶላር ብዙ ብር ይሆናል። ማዳበሪያም ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነውና የብሩ ቁጥር መብዛት አያታልለን። ቁም ነገሩ ጎተራ ውስጥ ስንት ኩንታል ቀረ የሚለው ነው።

በሐምሌ የተራበ ወገን እያለ አትላኩ ማለቴ አይደለም። ደመወዛችሁ የተያዘባችሁ፣ የኮንትራት ዕዳችሁን ገና ያልጨረሳችሁ እህቶችም በዚህ ጽሑፍ ሌላ ሸክም እንዲጨመርባችሁ አልሻም። የሚላክ ላላት ግን በኅዳር የተላከው የቤተሰቧን እህል ከርካሽ ገበያ ያድናል፤ በሐምሌ የተላከው ደግሞ እህል በውድ ይገዛል።

እግዚአብሔር የላባችሁን ዋጋ ይባርክላችሁ፤ ለአገራችሁም በሰላም ያብቃችሁ።