ቀላሉ ደረጃ ይከፈት፤ ዋንጫው ግን ከከባዱ ይሁን

ለተከበራችሁ የመናኸሪያ ሰፈር ነዋሪዎች፣ ወላጆችና ወጣቶች፤

በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምናወጣው ስለ ጽዳት ቀን፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮና ስለ ጥበቃ ተራ ነው። የዛሬው ጉዳይ ግን ለየት ይላል። ስለ ጌም ነው። «ጸሐፊው ደግሞ ምን ነካው?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ የልጆቻችን ጉዳይ፣ የኪሳችንም ጉዳይ ስለሆነ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እንደሚታወቀው ማኅበራችን በመጪው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በአዳራሹ የወጣቶች የጨዋታ ሳምንት ለማዘጋጀት አስቧል። ዳማ፣ ገበጣ፣ ጆተኒና የፕሌይስቴሽን ኳስ ይኖራል። ይሁንና አዘጋጆቹ ወጣቶች ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን «ከማሽኑ ጋር የሚጫወት ሁሉ በከባዱ ደረጃ ብቻ ይጫወት፤ ያልቻለ ቁጭ ብሎ ይይ» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ቀላሉም ይከፈት፤ ሁሉም ይሞክር» ይላል። ነገሩ ለጠቅላላ ስብሰባ ይቀርባል። ከዚያ በፊት እንደ አንድ ነዋሪ ሐሳቤን ላስቀምጥ። ይህ የማኅበሩ ውሳኔ አይደለም፤ የኔ የግሌ አስተያየት ነው።

በመጀመሪያ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በየጌም ቤቱ የሚታወቀው የኳስ ጨዋታ ድሮ ፊፋ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ስሙ ተለውጦ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፤ ልጆቻችን ግን አሁንም ፊፋ ነው የሚሉት። አንድ ሰው ብቻውን ከማሽኑ ጋር ሲጫወት ማሽኑ ምን ያህል ይበርታ የሚለውን ቀድሞ ይመርጣል። ደረጃው ሰባት ነው። የታችኛው ቢጊነር ይባላል፤ ጀማሪ ማለት ነው። ላይ ላይ ያሉት ሌጀንደሪና አልቲሜት ይባላሉ። በታችኛው ደረጃ ማሽኑ ኳስ ሲይዝ ያመነታል፣ ቶሎ ይነጠቃል። በላይኛው ደረጃ ግን አንዲት ስሕተት ካገኘ አይምርም። እንግዲህ ቀላል ደረጃ የምንለው ይኸንን ነው።

ሁሉም ጌም ግን እንዲህ ምርጫ አይሰጥም። ልጆቹ ከስልካቸው እያነበቡ እንዳስረዱኝ በጃፓን አገር ፍሮም ሶፍትዌር የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሴኪሮ የሚባል የሰይፍ ጨዋታ አወጣ። ቀላል የሚባል ደረጃ የለውም። ጠላትህን እስክትችለው ድረስ ትሞታለህ፣ ትነሣለህ፣ እንደገና ትሞታለህ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ያሉ ተጫዋቾች «ቀላል ደረጃ ይኑረው፣ አይኑረው» ብለው ብዙ ተከራከሩ። የድርጅቱ መሪ ሂዴታካ ሚያዛኪ በበኩሉ የሚሰጠው ምክንያት አለ። ይኸውም ሁሉም ተጫዋች ያንኑ ፈተና ገጥሞት ያንኑ ደስታ እንዲያገኝ፣ ሲገናኙም ስለ አንድ ነገር እንዲያወሩ ነው። ጨዋታውም በዚያው ዓመት በታወቀው ዘ ጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸልሟል።

ስለዚህ የከባዱን ወገን ወጣቶች «ጨካኞች ናችሁ» ማለት ተገቢ አይደለም። የሚሉት ነገር እውነት አለበት። አርባ ጊዜ ተሸንፎ በአርባ አንደኛው ያሸነፈ ልጅ ያገኘውን ደስታ በነፃ የሰጡት ልጅ አያገኘውም። መሸነፍን መልመድም ትምህርት ነው። ልጅ ሁሉ ነገር ሲመቻችለት ብቻ ካደገ ነገ ሕይወት ስትገፈትረው ማን ያነሣዋል? ይኸንን እኛ ወላጆችም የምንለው ነው።

ዳሩ ግን ቀላል ደረጃ ሲኖር ከባዱ ይጠፋል የሚለው ነገር ለኔ አይዋጥልኝም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 ሴለስት የሚባል ጌም ወጥቷል። አንዲት ልጅ ተራራ ስትወጣ የሚያሳይ ሲሆን እጅግ ከባድ ነው ይባላል። ሠሪዎቹ ግን እገዛ የሚሰጥ ምርጫ ጨመሩበት። የፈለገ ሰው ጨዋታውን ያዘገየዋል፣ ልጅቷ እንዳይደክማት ያደርጋል፣ ጭራሽ እንዳትሞትም ማድረግ ይችላል። ጨዋታው የተሠራው ከባድ እንዲሆን መሆኑን ቀድመው ይናገራሉ፤ ከዚያ ምርጫውን ለባለቤቱ ይተዉታል። ታዲያ ምን ተበላሸ? ተራራው እንደ ተራራ ቆሟል። በራሱ ጉልበት መውጣት የፈለገ ይወጣል። ይኸም ጌም በዚያው በዘ ጌም አዋርድስ የ2018ን የአነስተኛ ድርጅቶች ሽልማት አገኘ። ቀላል መንገድ የሌለውም ተከበረ፣ ቀላል መንገድ ያለውም ተከበረ። አንዱ የሌላውን ክብር አልቀማም።

የሚገርመው ደግሞ ጌም ከመጀመሪያው ለምን እንደከበደ ሲታይ ነገሩ ሁሉ የጀግንነት ብቻ አለመሆኑ ነው። ጥንት ጌም የሚጫወቱት ሳንቲም በሚጎርስ ትልቅ ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ፓክማን ከነዚህ አንዱ ነው። ተጫዋቹ ቶሎ ካልሞተ ሌላ ሳንቲም አይገባም፤ ስለዚህ ጨዋታው እየቆየ እየከበደ ይሄዳል። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሩ፤ በነሱ ተጫዋቹ ስንት ነፍስ እንደሚሰጠው፣ ጨዋታውም ምን ያህል እንደሚከብድ ይወሰናል። ያንን የሚነካው ቁልፍ የያዘው ባለቤት እንጂ ተጫዋቹ አይደለም። እንግዲህ ክብደት የትምህርት ብቻ ሳይሆን የገበያም ነገር ነበር ማለት ነው።

ሠሪዎቹም ቢሆኑ ሲከብዳቸው ለራሳቸው አቋራጭ አበጅተዋል። ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል የኮናሚ ድርጅት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1986 ግራዲየስ የተባለውን ጌም ለቤት ማጫወቻ ሲያዘጋጅ፣ እየተጫወተ መፈተሽ ነበረበት። ግን ከበደው። ስለዚህ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ ሲጫን ኃይል ሁሉ እንዲሰጠው አደረገ። ጌሙ ከነምሥጢሩ ወጣ። ይኸው ቁልፍ በኮንትራ ጨዋታ ሦስቱን ነፍስ ሠላሳ ያደርጋል። ኮንትራን በካሴት የተጫወታችሁ የኔ እኩዮች ይኸን ታውቃላችሁ። ታዲያ ሠሪው ራሱ የተጠቀመበትን ቀላል መንገድ የአሥር ዓመት ልጅ ሲጠቀም ምኑ ነው የሚያሳፍረው?

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። በብዙ ጌም ቤት ያለው ልማድ «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚል ነው። ለሠለጠነው ልጅ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በነፃ ይጫወታል። የሚከፍለው ማን ነው? ጀማሪው ነው። ስኳር ግዛ ተብሎ የተላከው ልጅ ነው። የደብተር ተብሎ የተሰጠው ነው። በዚህ ምክንያት ቤት ውስጥ የተጣሉ፣ ለማኅበሩም ቅሬታ ያቀረቡ ወላጆች አሉ። ልጁ ሰነፍ ሆኖ እኮ አይደለም፤ የሚለማመድበት ቦታ ስለሌለው ነው። ለመልመድ መክፈል አለበት፣ ለመክፈል ደግሞ የሰው ገንዘብ ይነካል። ሴት ልጆችማ ከናካቴው አይገቡም፤ በመጀመሪያው ቀን ስቀው ያስወጧቸዋል። ስለዚህ «ያልቻለ ይይ» የሚለው ነገር በአዳራሻችንም ከተደገመ የጨዋታው ሳምንት የአምስት ስድስት ጎበዞች ሳምንት ሆኖ ይቀራል። መዋጮው ግን የሁላችንም ነው።

ሌላም ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ። አንድ እጃቸው እንደልብ የማይታዘዝላቸው፣ ዓይናቸው የደከመ ልጆች በመካከላችን አሉ። ለነሱ ቢጊነር ራሱ ሌጀንደሪ ነው። የውጭዎቹ ይኸንን አስበውበታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ያሉትና በእግር የሚረገጥ ነገር ሳይቀር የሚቀጠልበት የተለየ ጆይስቲክ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 ደግሞ ከ60 በላይ የማመቻቻ ምርጫዎች ስላሉት ዓይነ ስውራን እንኳ በድምፅ እየተመሩ ይጫወቱታል። እኛ ያን ዕቃ ለመግዛት አቅም ላይኖረን ይችላል። ቢያንስ ግን በነፃ ያለውን፣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ የሚመጣውን ቀላል ደረጃ ለምን እንከለክላለን?

ደግሞም ነገሩ ለባህላችን አዲስ አይደለም። ዳማ የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ጋር ሲቀመጥ ከራሱ ቆርኪ ቀንሶ ይጀምራል። በጆተኒም ጎበዙ አንድ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ታናሹን ያጫውታል። ይኸ ሁሉ ቀላል ደረጃ ነው፤ ስም አላወጣንለትም እንጂ። ቆርኪ የተቀነሰለት ሰው ግን «አሸነፍኩት» ብሎ ሰፈር አይዞርም፤ ቢዞርም የተቀነሰለት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ማቅለል ነውር የሚሆነው ሲደበቅ ነው።

ሩጫንም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ነው። ከፊት አትሌቶቹ ይበራሉ፤ ከኋላ ደግሞ የሚዘፍነው፣ የሚራመደው፣ ልጁን የያዘው ይከተላል። ለሕዝቡም ሜዳሊያ ይሰጠዋል። ታዲያ የኋለኛው ሜዳሊያ የፊተኛውን አትሌት ድል አሳነሰው? በጭራሽ። በከተማችንም የሐዋሳ ግማሽ ማራቶን ሲካሄድ ከ21 ኪሎ ሜትሩ ጎን አጭር ርቀትና የሕፃናት ሩጫ ተካሂዷል። አጭሩን የሮጠ ሰው 21 ሮጫለሁ አይልም። መንገዱ ግን ለሁሉም ተከፍቷል። ዛሬ አጭሩን የሮጠ ልጅም ነገ ረጅሙን ይመኛል።

ከዚህም የተነሣ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ በጨዋታው ሳምንት ከማሽኑ ጋር የሚጫወት ሁሉ ደረጃውን ራሱ ይምረጥ። ከኋላ ቆሞ የሚስቅበት ሰው ከአዳራሹ ይውጣ።

2ኛ/ ውጤት ሲመዘገብ ደረጃውም አብሮ ይጻፍ። በቢጊነር አሥር ያገባ፣ በሌጀንደሪ አንድ ካገባ ጋር እንዳይምታታ።

3ኛ/ ዋንጫው በሌጀንደሪ ለተጫወቱት ብቻ ይሁን። እዚያ ላይ ለማንም አይቀነስ፣ ለጸሐፊው ልጅም ቢሆን።

4ኛ/ ሰው ከሰው ጋር ለመዝናናት ሲጋጠም ጎበዙ ኮከቡ ያነሰውን ቡድን ይያዝ፤ ጀማሪው ባለ አምስት ኮከቡን ይውሰድ።

5ኛ/ በአዳራሹ «የተሸነፈ ይከፍላል» የሚባል ነገር አይኑር። የሰፈራችን ጌም ቤት ባለቤቶችም በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል የሚከፍሉበት የጀማሪዎች ሰዓት እንዲያደርጉ በትሕትና እንጠይቅ። እነሱም አይጎዱም፤ ዛሬ ተማሮ የወጣ ልጅ ነገ ደንበኛ አይሆንም።

ጌም የሚሠሩ ሰዎችን በተመለከተ እኔ አዛዥ አይደለሁም። ሚያዛኪ ጨዋታውን ከባድ ብቻ አድርጎ መሥራት መብቱ ነው፤ የሠራው እሱ ነው። ነገ ከእኛም ሰፈር ጌም የሚሠራ ልጅ ይወጣ ይሆናል። በአገራችን ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የሚባለውን የምትሸሽ ዶሮ ጌም ሠርቷል፣ ገበጣንም ለስልክ አዘጋጅቷል። ሠሪው ምን ያህል ይክበድ የሚለውን ራሱ ይወስን። የእኛ አዳራሽ ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የጋራ ቤት ነው። በጋራ ቤት ደግሞ በሩ ለሁሉም በሚገባበት ልክ ይሠራል።

ወጣቶች ሆይ፣ ከባዱን የምትወዱት ውደዱት። ማንም አይነካባችሁም። ታናሻችሁ ከታች ሲጀምር ግን «ና፣ እንዲህ ያዘው» በሉት። ከዓመታት በኋላ በከባዱ ደረጃ የሚገጥማችሁ ሰው የሚገኘው ከዚያ ነው፤ አለበለዚያ ብቻችሁን ትቀራላችሁ። ወላጆችም ስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ ሐሳባችሁን ስጡ። ሳይመጡ ቀርቶ በኋላ ማማረር አይረዳም። የተቃወመኝም ይምጣና ይናገር፤ ደስ ይለኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ