ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክት የሚያደርስ ሬዲዮ፦ ዳሞታ ላይ አንድ ጣቢያ ለምን አይኖረንም?



ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎረቤታችን ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን የረሳ ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ መሬቱ ተንዶ ሰው ቀበረ። ጎረቤት ወገኑን ሊያወጣ በእጁና በዶማ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጣና አዳኞቹን ራሳቸውን ዋጠ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ በእኛው ዞን፣ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ፣ ሌላ ናዳ ከ10 በላይ ነፍስ ቀጠፈ።

ሬዲዮ ናዳ አያቆምም፤ ያንን ልል አይደለም። ጥያቄዬ ከናዳው በኋላ ስላሉት ሰዓታት ነው። ክረምት ላይ መብራት ሲሄድ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩም ተከትሎ ይሄዳል፣ መንገዱ በጭቃ ይዘጋል። ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ምን እንደሚያስፈልግ፣ በየት በኩል መግባት እንደሚቻል የሚናገር ወረቀት ከገደሉ ሥር እንዴት ሶዶ ይደርሳል? ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ እኛ ግን ያልሞከርነው አንድ መልስ አለ፤ ፓኬት ሬዲዮ ይባላል።

ሶዶ መናኸሪያ ሄዶ ዕቃ የላከ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ፌስታሉ ላይ የላኪና የተቀባይ ስም ትጽፋለህ፣ ለአረካ ሹፌር ትሰጣለህ፣ ተቀባዩ ጉኑኖ ከሆነ ሌላ ሹፌር ከአረካ ይቀበላል። ፓኬት ሬዲዮም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ቆራርጦ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የላኪና የተቀባይ መለያ ያትምበታል፣ ወደ ጩኸትም ይለውጠዋል፣ ሬዲዮው ደግሞ ይለቀዋል። መሐል ላይ ያለ ጣቢያ ሰምቶ ያስተላልፋል። ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ይመረምረዋል፤ አንድ ፊደል ከተበላሸ አይቀበለውም፣ እንደገና ይላክልኝ ይላል።

ይህ ምርመራ ትልቅ ነገር ነው። በድምፅ ሬዲዮ «50 ብርድ ልብስ» ተብሎ «15» የሚሰማበት ጊዜ አለ። የሟቾችንና የቁስለኞችን ስም ዝርዝር በሚንሿሿ ሬዲዮ ማንበብማ ራሱን የቻለ ሥቃይ ነው። የአንዱ ሰው ስም ተሳስቶ ለሌላ ቤት መርዶ ቢሄድስ?

ፍጥነቱን ስነግራችሁ ትስቁ ይሆናል። የተለመደው በሴኮንድ 1200 ቢት ነው። 100 ኪሎባይት የሆነች አንዲት ፎቶ ከ11 ደቂቃ በላይ ትወስዳለች። አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን በሁለት ሴኮንድ ገደማ ያልፋል። እዚህ ላይ የገረመኝ የፊደላችን ነገር ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ፓኬት እስከ 256 ባይት ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር 3 ባይት ስለሚወስድ በአማርኛ 85 ፊደል ላይ ይሞላል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ወላይትኛ ግን ለአንድ ፊደል 1 ባይት ይበቃዋል። በስልክ መልእክት ስንጽፍ በላቲን 160፣ በእኛ ፊደል 70 ላይ የሚቆረጥብንም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። በርግጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይሸከማል፤ ወላይትኛ ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚረዝመውን ድምፅ ደርቦ ይጽፋል። ስለዚህ ልዩነቱ ቁጥሩ እንደሚያሳየው አይሰፋም። ቢሆንም ለኪንዶ ዲዳዬ ገበሬ በገዛ ቋንቋው መጻፍ ርካሹ መንገድ ሆኖ መገኘቱ ደስ ይላል።

የሬዲዮ አማተሮች ይህን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1978 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጠቀችው ዩኦሳት 3 የተባለች ትንሽ ሳተላይት በዚሁ ዘዴ መልእክት ተቀብላ ይዛ እየዞረች፣ ስልክ ላልደረሳቸው የአፍሪካ ሐኪሞች የሕክምና ጽሑፍ ታደርስ ነበር። እኛ ሀገርም ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በ1997 ከመግባቱ በፊት፣ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ ኢሜይሉን አጠራቅሞ በስልክ መስመር ይልክ ነበር። ይዞ ቆይቶ መንገድ ሲገኝ ማሳለፍ ለዚህ ሀገር አዲስ አይደለም።

ኢንተርኔት ሲስፋፋ በሀብታሞቹ ሀገራት ፓኬት ሬዲዮ ቀዘቀዘ። ዛሬ የቀረው በዋናነት ቦታንና አጭር መልእክትን የሚያሳውቀው ኤፒአርኤስና የሬዲዮ ኢሜይል የሆነው ዊንሊንክ ነው። «እነሱ ከተውት እኛ ምን አገባን» የሚል ይኖራል። እነሱ የተዉት ሌላ መስመር ሞልቶ ስለተረፋቸው ነው፤ አደጋ ሲመጣ ግን ተመልሰው ያወጡታል። ደግሞም ድሮ ለብቻው የሚገዛው መሣሪያ ዛሬ በአሮጌ ላፕቶፕና ዳየርዎልፍ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ተተክቷል። 5 ዋት የሚለቅ የእጅ ሬዲዮ፣ የባጃጅ ባትሪና አንድ የሶላር ሰሌዳ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ላስቀምጥ። ሰኔ 2012 ላይ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ እንደነበር የምታስታውሱ ወንድሞች «እንግዲህ መሹለኪያ ተገኘ» እንዳትሉ። አይደለም። የአማተር ሬዲዮ ዓለም አቀፍ ደንብ ትርጉሙን የሚደብቅ መልእክት ይከለክላል፣ ንግድም አይፈቅድም። የምትጽፈውን በአካባቢው ሬዲዮ ያለው ሁሉ ያነባል። ያለ ፈቃድ ማሰራጨትም ወንጀል ነው። እኔ እንዲያውም ለባለሥልጣናቱ የሚቀርበው ጥሩ መከራከሪያ ይህ ይመስለኛል፦ ሁሉም የሚያነበው መስመር ለሴራ አይመችም፣ ለእርዳታ ጥሪ ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

ፈቃድ የማይታሰብ ነገርም አይደለም። አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚል መለያ የሚታወቀው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ ተማሪዎችም ይለማመዱበታል። ያ ለአዲስ አበባ ከተቻለ ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። ከተማችን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ጉዳዩን የሚያዩት መሥሪያ ቤቶች ቅርብ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በክለብ ስም ያመልክት። ቀይ መስቀልና የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ከጎኑ ይቁሙ።

ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ዳሞታ ከራሳችን በላይ ቆሟል። በዚህ ሞገድ ከፍታ ማለት ርቀት ማለት ነው። ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ደግሞ ኳታር እ.ኤ.አ. በ2018 ያመጠቀችው ኢስሃይል 2 ሳተላይት የአማተሮች ክፍል ተሸክማለች። የምትገኘው የብዙዎቻችን የዐረብሳት ዲሽ በሚያይበት በ26 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ነው።

ኤሌክትሪካል ምሕንድስና የምትማሩ ልጆች ይህን ካነበባችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን፤ ማመልከቻውን አብረን እናዘጋጃለን፣ ኢንሻአላህ። ፈቃዱ ሲገኝ የመጀመሪያው ሙከራ ከዳሞታ ወደ ኪንዶ ዲዳዬ፣ ሀላሌ ይሁን። ሸንተረር መሐል ገብቶ ሞገዱን ከጋረደው፣ ሁለተኛው ማስተላለፊያ የት መቆም እንዳለበት ክረምቱ ሳይገባ እናውቃለን።