ፓናዶሉ አላነሰም፣ ያነሰው እረፍቱ ነው

ኦፕራሲዮን ሆና የወጣች እህት ልንጠይቅ ስንሄድ መጀመሪያ የምንሰማው ስሞታ ሁሌም አንድ ነው፤ «ሆዴን ቀደው ፓናዶል ሰጥተው ሸኙኝ። ለማዳም ቢሆን እንዲህ ያደርጋሉ?» ንዴቱ ይገባኛል። በቀለማችን ምክንያት በዚህ አገር የሚደርስብንን እኛው እናውቀዋለን። እኔም የሐሞት ጠጠር አስወጥቼ ስመለስ በፌስታል የያዝኩት ፓናዶልና ብሩፌን ነበር። በዚህ ነገር ግን ከሐኪሞቹ ጋር ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሊባኖስን ጨምሮ በ8 አገሮች ትርፍ አንጀት፣ ሐሞትና ቡአ ኦፕራሲዮን የሆኑ ሰዎች ወደ ቤት ሲሄዱ ምን እንደታዘዘላቸው ያየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሰው ለ91ዱ ከሞርፊን ወገን የሆነ ጠንካራ ማስታገሻ ታዝዟል። በሌሎቹ አገሮች ግን ከ100 ሰው ለ5 ብቻ። ስለዚህ ማዳምም ብትቀደድ በአብዛኛው ይዛ የምትወጣው ያንኑ ፓናዶል ነው። አሜሪካኖቹ በዚያ ልግስናቸው ስንቱን ሰው ለሱስ እንደዳረጉ ደግሞ ዓለም የሚያውቀው ነው።

ችግሩ አወሳሰዳችን ላይ ነው። «ሲብስብኝ እውጣለሁ» እንላለን። ሕመሙ አናት ላይ ከወጣ በኋላ በፓናዶል ማውረድ ከባድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በሰዓት ነው የሚወሰደው፤ ለጤነኛ አዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙን ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ክብደትሽ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም ጉበትሽን የሚያምሽ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይንገርሽ። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓናዶል ስላለ እሱም ይቆጠራል፤ ከልኩ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ብሩፌን ሌላ ዓይነት መድኃኒት ስለሆነ ከፓናዶል ጋር አብሮ ይወሰዳል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከእያንዳንዱ ለብቻው የተሻለ ይሠራሉ። ባለ 400ው በየ8 ሰዓቱ፣ ምግብ ተበልቶ። ጾም ነው ብላችሁ በባዶ ሆድ አትዋጡት፤ ለታመመ ቤተ ክርስቲያንም ትፈቅዳለች። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለባት፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ብሩፌንን ሐኪም ሳታማክር አትንካ።

ሌላው ቀላል ነው። ስታስይ ወይም ስትስቂ ትራስ ሆድሽ ላይ ጫን አድርጊ። ከአልጋ ስትነሺ በጎን ተገልብጠሽ በእጅሽ ተደግፈሽ ተነሺ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ተራመጂ። በካሜራ የተሠራላት ትከሻዋን ሊወጋት ይችላል፤ ብዙዎቻችንን ያስደነግጣል፣ ግን ሆድ ውስጥ የተነፋው ጋዝ ነው፣ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ትኩሳት ከ38 በላይ ከሆነ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ ባትሽ አብጦ ካመመሽ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ማስታገሻ እየዋጡ መቆየት የለም፣ ወደ ሐኪም ነው።

ትራማዶልን በተመለከተ፣ ሐኪሙ አይቶ ካዘዘው እንዳለው ይወሰድ፤ ለከባድ ኦፕራሲዮን ጊዜ አለው። እኔ የምቃወመው ከጓደኛ ቦርሳ የሚወጣውን ነው። «ሥራ ያሠራል» ተብሎ ይሰጣል። ያሠራል፣ እውነት ነው፤ ቁስሉ ግን ገና አልገጠመም። ራስ ያዞራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል፣ ቆይቶም አልለቅ ይላል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ነገር። ለምንድነው ጠንካራ መድኃኒት የምንፈልገው? በሦስተኛው ቀን መወልወያ ስለምንይዝ ነው። «ኻላስ፣ ሶርቲ ምኒሓ» ትልሻለች ማዳም። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ሲቆም ደግሞ የውኃውን ጋሎን አምስተኛ ፎቅ የምታወጪው አንቺ ነሽ። ለዚህ የሚሆን ክኒን የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ውል በሐኪም ወረቀት ግማሽ ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ግማሽ ወር በግማሽ ደሞዝ የሕመም እረፍት ይሰጣል። በደንብ እንደማይከበር አውቃለሁ። ቢሆንም ከሆስፒታል ሳትወጪ ታቅሪር በዓረብኛ አጽፊ፤ የእረፍቱ ቀን በቁጥር፣ «ከባድ ነገር አታንሳ» የሚለውም ይጻፍበት። በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከተቻለም ዶክተሩ ራሱ ለማዳም በአፉ ይንገራት፤ እኛ ስንለው ስንፍና የሚመስላት እሱ ሲለው ሕክምና ይሆናል።

ፍሪ ለምትሠራው ይህ ሁሉ የለም። እረፍት ማለት ደሞዝ የለም ማለት ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ቤቱን ማጣት ነው። ምትክ የገባችው እዚያው ቀርታ ድና ስትመለስ በር የተዘጋባት እህት ከመካከላችን አለች፤ ለዚህም ነው ሳይሻላቸው የሚመለሱት። እኔ የምለው፣ ለታመመ የምናዋጣው ገንዘብ ከብርቱካንና ከጭማቂ በፊት ለቤት ኪራይዋ ይሁን። ቤቶቿን ደግሞ ከኛው ሁለት ሰዎች ተካፍለው ይያዙላት፣ ሲሻላት ይመልሱላት፤ ይህም በማኅበሩ ደብተር ላይ ስም ተጽፎ፣ ፊርማ ኖሮበት። በሚቀጥለው እሑድ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። ለሁለት ሳምንት ቤት ለመያዝ ፈቃደኛ የሆነች ካለች ከስብሰባው በፊት ታናግረኝ።