የመስቀል ወፍ ወዴት ትሄዳለች?

ዘመድ መጠየቅን የዘነጋ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ሲል፥ «አንተ የመስቀል ወፍ ሆንህ እኮ!» ተብሎ ይወቀሳል። ለመሆኑ ወፊቱ ይህ ወቀሳ ይገባታልን? በመስከረም ታይታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የምትሰወረውስ ወዴት ሄዳ ነው? ይህን ለመመርመር በመስከረም ወር ሁለተኛ ቅዳሜ 12 ተማሪዎችንና አንድ አቅራቢ መነጽር ይዘን፥ ከሞጣ ከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ተጓዝን።

ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቷል፤ የጮቄ ተራራ ግን ገና ደመናውን አልገለጠም። መንገዱ ጭቃ ነው፤ በመስኩ ላይ አደይ አበባ ፈክቷል። ጋጋኖዎች እየጮኹ በላያችን አለፉ። ጉሮሮዋ ላይ ሥጋ የተንጠለጠለባት ይህች ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። በከብቶቹ እግር ሥር ደግሞ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ፥ ጅራታቸውን የሚወዘውዙ ትንንሽ ወፎች ይመላለሱ ነበር። እነዚህ የሩቅ እንግዶች ናቸው፤ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው በየዓመቱ ወደ እኛ ይመጣሉ።

ከቅጥሩ እንደ ገባን ከወይራው ላይ አንዲት አረንጓዴ ወፍ ተነሣች፤ ክንፏን ስትዘረጋ ውስጡ እንደ ደም ቀላ። ይህ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ እንዳለበት ስንነግራቸው ልጆቹ ተደነቁ።

የፈለግናት የመስቀል ወፍ የተገኘችው ግን ከደኑ ዳር፥ ከረጅሙ ሣር ላይ ነው። ወንዱ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ ነው። በአጠገቡ ያሉትን ቡናማ ወፎች ያየች አንዲት ተማሪ፥ «እነዚህስ ድንቢጦች ናቸው» አለች። ድንቢጦች አልነበሩም፤ የእርሱው ወገን እንስቶች ናቸው። ወንዱም ቢሆን ይህን ጌጥ የሚለብሰው ሣሩ በሚያድግበት፥ ጎጆ በሚሠራበት በክረምቱ ወራት ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይለውጥና እንደ እንስቲቱ ቡናማ ይሆናል። እንግዲህ የመስቀል ወፍ ከአገር አትወጣም፤ ልብሷን ስትለውጥ ዐይናችን ይስታታል እንጂ።

በዚህ መካከል አንድ ልጅ ወንጭፉን አወጣ። ከመምከራችን በፊት በአጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፥ «መምህር፥ እኛ ልጆቻችንን ማማ ላይ አውጥተን የምናባርራትን ወፍ እናንተ ልታዩ መጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው እውነት አለበት፤ የደከሙበትን እህል ወፍ ሲበላው ማን ይወዳል? እኛም፥ «አባቴ፥ ከእህል ላይ ማባረር የገበሬ መብት ነው፤ በጎጆዋ ያለችውን መግደል ግን ሌላ ነው» አልናቸው። ብዙዎቹ እህል በል ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት ትልና ነፍሳት እየለቀሙ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር መውሰድ መከልከሉን ሽማግሌው ከእኛ ይልቅ ያውቁ ነበርና ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁም ወንጭፉን ወደ ኪሱ መለሰ።

ወፎቹ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ መሰብሰባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜኑ ደጋ አገራችን ከቀረው የተፈጥሮ ደን ብዙው ያለው በአድባራት ቅጥር ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በፈጸሙት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረዋል። ከብት ገብቶ ችግኙን ከበላው አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አይኖረውም። ስለዚህ በአንዳንድ ስፍራ ምእመናን ድንጋይ ከእርሻቸው እየለቀሙ በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ዳነ።

የቤተሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ! ከቤታችሁ ልትጀምሩት የምትችሉት ሥራ አለ። ጎጆ ያለበትን ሣር ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ሳታጭዱ ታገሡ። በግቢያችሁ ባሕር ዛፍ ብቻ አትትከሉ፤ ጽድና ወይራም ጨምሩ። ለልጆቻችሁ አንድ ደብተር ስጧቸው፤ ዛሬ ቢጫውን ወፍ ያዩበትን ስፍራ ይጻፉ፤ በጥር ወርም ወደዚያው ተመልሰው ከቡናማዎቹ መካከል ይፈልጉት። ያለ ጌጡ ለይቶ ያወቀው ልጅ ወንጭፉን ለማንሣት እጁ አይፈጥንም።