«ከኮሌስትሮል ነፃ» እስከ መቼ?

«ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ዛሬም ከዘይት ጀሪካን ላይ አልወረደም፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ላይ መሟገቴን አልተውኩም። ኮሌስትሮል ያለው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ነው፤ በቅቤ፣ በሥጋ፣ በእንቁላል አስኳል። ኑግም ይሁን ሱፍ፣ ሰሊጥም ይሁን ፓልም፣ ከተክል የተጨመቀ ዘይት ግን ለቁጥር የሚበቃ ኮሌስትሮል የለውም። ሸማቹ ጽሑፉን የሚረዳው «ይህ ዘይት ልብን አይጎዳም» ብሎ ነው፤ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው። የደምን ጎጂ ኮሌስትሮል በዋናነት ከፍ የሚያደርገው ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው የስብ ዓይነት ነውና፤ ጉበት ኮሌስትሮሉን ከደም የሚያጠራበትን አቅም ያዳክማል። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ይኸው ስብ ነው፤ ከገበታ ቅቤ እምብዛም አይርቅም። በ100 ግራም የሱፍ ዘይት ውስጥ ያለው ግን 11 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል የሚራራቁ ሁለት ዘይቶች አንድ ዓይነት ምስክርነት ተለጥፎባቸው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በጾም ወራት ወጡን ሁሉ በዘይት ለሚሠራ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«የተጻፈው እውነት ነው፤ ውሸቱ የቱ ላይ ነው?» የሚሉኝ አሉ። እውነቱ የተመረጠው ሌላውን እውነት እንዲሸፍን ከሆነ ማሳሳት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1990ው የምግብ መለያ ሕግ መሠረት በወጣው ደንብ፣ በአንድ ጊዜ መመገቢያ መጠኑ ከ2 ግራም በላይ ሳቹሬትድ ፋት ያለው ምግብ ከኮሌስትሮል ነፃ ነኝ ማለት አይችልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ የፓልም ዘይት 7 ግራም ገደማ ስለሚይዝ በዚያ ሚዛን ወዲያው ይወድቃል። እኛም አገር ይህን መከልከል የሚከብድ አይመስለኝም።

ሌሎች ደግሞ «ሰው የሚረጋውን የፓልም ዘይት የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ እንጂ ጽሑፍ አንብቦ አይደለም» ይላሉ። ይህኛው ክርክር ክብደት አለው፤ አቅሙ የፈቀደለትን የገዛ ሰው አይወቀስም። ነገር ግን ዋጋው የሚያስገድደው ሰውም ቢሆን የያዘውን ቢያውቅ መጠኑን ይቀንሳል፤ መምረጥ የሚችለው ደግሞ ያለ ምክንያት እየተታለለ ነው። መምረጥ ለሚችለው ምክሬ አጭር ነው፤ የፊቱን ጽሑፍ ትቶ ጀሪካኑን ያዙረው፣ ከሠንጠረዡም በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር የተሰላውን ሳቹሬትድ ፋት ይፈልግ። በማንኪያ የተሰላው ቁጥር ሁልጊዜ ትንሽ መስሎ ይታያል። በአዲስ አበባ የብርድ ጠዋት የሚረጋ ዘይትም ሳቹሬትድ ፋቱ ብዙ መሆኑን ያለ ሠንጠረዥ ይናገራል።

ይህ ምክር ግን ጀሪካን ለሚገዛ ሰው ነው። ከሰፈር ሱቅ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጥለት ሰው የሚያዞረው ሠንጠረዥ የለውም። እሱ ዘንድ የሚደርሰው የመለያ ሕግ ሳይሆን አገር ውስጥ የሚገባው ዘይት ራሱ ነው። መንግሥት ለዓመታት በድጎማ ሲያስገባው የኖረው በአብዛኛው ፓልም ነበር፤ ሰሊጥና ኑግ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ለድሃው ያንን መምረጧ ከመለያው ጽሑፍ ይልቅ ያሳስበኛል።